በልጇ ድምፅ የመለሰችው ሳቢራ

ሳቢራ መቀመጥ አታውቅም። ከሮቢት ወደ ምሥራቅ፣ አስፋልቱን ትቶ ግማሽ ሰዓት በሚያስኬደው መንደር ውስጥ እሷን ቁጭ ብላ ያገኛት ሰው ቢኖር ወይ ሰግዳ ስትጨርስ ነው፣ ወይ ፍየል ስታልብ ነው። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፏል። ማሳውን ለእኩል አራሽ አልሰጠችም፣ ለባሏ ወንድሞችም አላስረከበችም። ክረምት ሲገባ ከወንዶቹ እኩል አካፋ ይዛ፣ ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሽላዋ እየጠለፈች ሁለት ልጆች አሳደገች። "ሳቢራ ስትሞትም እየሄደች ነው የምትሞተው" ይሏታል። "ተኝቶ የሞተውስ ምን ተረፈው?" ብላ ትመልስላቸዋለች፤ ያንንም የምትለው አልፋ ከሄደች በኋላ ዞር ብላ ነው።

በዚያ ዓመት በጥቅምት ግን እግሯን ያላሳረፈው ሥራ አልነበረም፣ ልጇ ዚነት ነበረች።

ዚነት አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል፣ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ። ታላቅ ወንድሟ ኡበይድ በየካቲት ወደ ጅቡቲ ሄዷል። እዚያ ወደብ ላይ ጭነት ያወርዳል ተብሏል፤ በረመዳን አንድ ጊዜ ለእናቱ ደውሎ "አብሽሪ እማ፣ ሥራው ጥሩ ነው" አላት፤ ከዚያ ጠፋ። ሳቢራ ስለ ወንድ ልጇ ብዙ አልተጨነቀችም፤ ከልጅነቱም ጀምሮ ሲሄድ የሚረሳ፣ ሲመጣ የሚስቅ ልጅ ነው። ያስጨነቀቻት እዚሁ ዓይኗ ሥር ያለችው ናት። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ዚነት ከሳች። እንጀራውን ትቆርሳለች፣ በጣቷ ታሽከረክረዋለች፣ ትተወዋለች። የጥፍሯን ዙሪያ እየላጠች ታደማለች። ደብተሯ ይከፈታል፣ ገጹ አይገለጥም። በር ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች፤ የሚመጣ ሰው ስትጠብቅ ሳይሆን፣ የሚመጣውን ስትፈራ ትመስላለች።

"ምን ሆነሽ ነው?"

"ምንም።"

"ራስሽን ነው? ሆድሽን?"

"ኧረ ምንም አልሆንኩም እማ! ተይኝ በአላህ!"

ሳቢራ ትታት ትወጣለች፤ ትመለሳለች፤ ደግሞ ትወጣለች። ፍየሎቹን ሁለቴ ውሃ ታጠጣለች። የተጠረገ ግቢ ትጠርጋለች።

የፈራችው በሽታውን ብቻ አይደለም፣ ስሙን ነው። ከወንዙ ማዶ ባለው መንደር አንዲት ልጅ እንዲሁ ዝም ብትል፣ "ጂን ነካት" አሉና አሥረው ከአንዱ ቦታ ወደ አንዱ ቦታ ሲያዞሯት ከረሙ። ልጅቱ ድና አሁን ሱቅ ትሠራለች፤ ግን እስከ ዛሬ "ያቺ የታመመችዋ" እየተባለች ነው ስኳር የምትመዝነው። ሳቢራ ያንን ታውቃለች። ስለዚህ ለማንም ላትናገር ወሰነች። ችግሩ ግን የማማው ጥሪ ነው፤ ማማ ምስጢር አይደብቅም።

በራያ ቆላ ማሽላው ወተት መያዝ ሲጀምር ከየማሳው መሐል ማማ ይቆማል፤ አራት ባላ፣ በላዩ ርብራብ፣ ለፀሐይ መከለያ ትንሽ የአገዳ ጥላ። የሚጠብቁት ልጆች ናቸው። ጎህ ሲቀድ ወንጭፋቸውንና ጅራፋቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ግሪሳ የሚባለው ወፍ እንደ ደመና ሲመጣ ያባርራሉ፤ ፀሐይ ስትበረታ ይወርዱና ወደ ትምህርታቸው ይሄዳሉ። ጠዋት ቀድሞ የወጣው ልጅ ይጣራል። ከደጋው በኩል ጀምሮ ወደ ዞብል ተራራ እያንዳንዱ ማማ በተራው በሁለት ስንኝ ይመልሳል። ቀልድ ይሁን፣ ስድብ ይሁን፣ የፍቅር ይሁን ግድ የለም፤ ብቻ ይመልስ። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልመለሰ ማማ ግን ይጎበኛል። ልጆቹ ሁሉ ወፉን ለአላህ ትተው ይወርዱና ዝም ወዳለው ማማ ይሄዳሉ፤ እባብ ነድፎት እንደሆነ፣ ከርብራቡ ወድቆ እንደሆነ ለማየት። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም። "እህሌ ይበላብኛል" ብሎ የቀረ ልጅ ግን ተሰምቶ አያውቅም።

ሌላም ደንብ አለ፤ ማማ ላይ የተባለ ነገር ቤት ውስጥ አይጠየቅበትም። ሳቢራ ራሷ በዚህ ደንብ ድናለች። በዚነት ዕድሜ ሳለች አባቷ ለአንድ ከዞብል ባሻገር ለሚነግድ ሰውዬ ሊድሯት ሽማግሌ ተቀብለው ነበር። በቤት ውስጥ አፏን አልከፈተችም፤ ማን ይሰማታል? አንድ ጠዋት ግን አባቷ በማሳው ዳር ሲያልፉ ጠብቃ፣ ከማማው ላይ እንዲህ አለች፦

አባቴ ለወፉ አልሰጥም ትላለህ፣
እኔን ላላየሁት እንዴት ትሰጣለህ?

ከማዶ ማማ እልልታው ቀለጠ። አባቷ ቀና ብለው እንኳ አላዩም። ቤት ሲገቡም ምንም አላሏት፤ ማለት አይችሉማ። ሦስት ቀን ፊታቸውን አጥቁረው በሉ፣ በአራተኛው ቀን ሽማግሌዎቹን መለሱ። የሳቢራ ድምፅ ያኔ በጠዋቱ አየር ከሮቢት መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር ይባላል።

ታዲያ በዚያ ጥቅምት፣ አንድ ሰኞ ማለዳ፣ ሳቢራ ለልጇ ቁርስ ይዛ ከማማው ሥር ስትደርስ ጥሪው ተጀምሯል። የምትጣራው ከጎናቸው ያለው ማሳ ጠባቂ ቅድስት ናት፤ የዚነት የክፍል ጓደኛ፣ በአንድ ወንበር የሚቀመጡ።

"ዚነትዬ! ነጋ እኮ!"

ከላይ ድምፅ የለም። ሳቢራ ቀና ብላ አየች። ዚነት ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች፤ ግሪሳው ከማሽላው ራስ ላይ ተንጠልጥሎ ይበላል።

"ዚነት! ሁለተኛ ነው!"

ሦስተኛው ከተጠራ ልጆቹ ይመጣሉ፤ መጥተው ያዩዋታል፤ አይተው ለእናቶቻቸው ይነግራሉ፤ እስከ ዙሁር ሶላት አገሩ ሁሉ ያውቃል። ሳህኑን አስቀምጣ መሰላሉን ወጣች፤ ከአገዳው ጥላ ጀርባ ተሸጉጣ፣ ድምፅዋን አቅጥና አሰማች፦

ሂድ ወዲያ ግሪሳ አትልመድ ከደጄ፣
የኔን ያህል ደክመህ አልዘራህ ወዳጄ።

ከዚያ ከወዲያኛው ማማ የሚኪያስ ሳቅ መጣ። ሚኪያስ የዚያ መስመር ተረበኛ ነው። "ይኸውላችሁ ተነሣች! ከትራስሽ ጋር ነው የወጣሽው?" አለና የራሱን ቀጠለ፦

ኔትወርክ ፍለጋ ማማ ላይ ብወጣ፣
ከሷ መልስ የለም ግሪሳው ግን መጣ።

ተረፍን አለች ሳቢራ በሆዷ። በማግስቱም ወጣች። በሦስተኛውም ቀን። "ልጄ ብርዱ እንዳይመታት ነው" እያለች ጎህ ሳይቀድ አብራት ትሄዳለች፤ ጥሪው ሲደርስ ትመልሳለች፤ ሌሎቹ ሳያዩዋት ጎንበስ ብላ በማሽላው ውስጥ ትመለሳለች። አንዳንዴ፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ደስ ይላታል። ሠላሳ ዓመት ያልነካችው ነገር ከጉሮሮዋ እየወጣ ነው። ከዚያ ዞር ስትል የልጇን ፊት ታይና ደስታዋ ይጠፋል።

በስድስተኛው ቀን ተሳሳተች። ደስ አላትና እንዲህ አለች፦

አቡጀዲ ለብሶ ቢመጣም ከማሳ፣
ላንበሳም አልሸሽ እንኳንስ ለግሪሳ።

"ዚነት!" ጮኸ ሚኪያስ። "አቡጀዲ ምንድን ነው? የጅንስ ዓይነት ነው?"

"ከአያቴ ሣጥን ጠይቅ!" አለ ረዲ ከሌላው ማማ።

"አቦ ይቺ ልጅ ትናንትም ስለ ጠገራ ብር ስታወራ ነበር! ሰኞ በበቅሎ ልትማር ትመጣለች!"

ሳቅ ማሳውን ሞላው። ቅድስት ብቻ አልሳቀችም። ሳቢራ ከጥላው ጀርባ አፏን በሻሿ ይዛ ወደ ዚነት አየች። የልጅቱ ከንፈር ትንሽ ተነቃነቀ፤ ሳቅ ሊሆን ነበር፤ አልሆነም።

"እማ" አለች ዚነት፣ ቀስ ብላ። "ለምንድን ነው የምትመልሽልኝ? ተያቸው ይምጡ።"

"መጥተው ምን ሊያዩ?"

"እኔን።"

"አንችን አይተው ምን ሊሉ! ሰው ምን እንደሚል አታውቂም እንዴ? ዝም በይ ብቻ፣ እኔ አለሁልሽ።"

ዚነት ፊቷን ወደ ማሽላው መለሰች። ሳቢራ ይህን ቃሏን በኋላ ስንቴ እንዳኘከችው አላህ ነው የሚያውቅ። ልጅቱ በሯን ገርበብ አድርጋ ነበር፤ እናት ሆዬ ብርድ እንዳይገባ ብላ ዘጋችው።

የዚያን ቀን ከሰዓት ጎረቤቷ የትናየት መንገድ ላይ አገኘቻት። የትናየት ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን የሰማችውን አታሳድርም።

"ዚነትሽ ድምፅ አወጣች አሉ። የኔው ልጅ ሞላ ከማማው ሲመጣ የሷን ግጥም ነው የሚያወራ። ግን ጎርነን አለባት ልበል?"

"ጉንፋን ነው።"

"እንዲህ ያለ ጉንፋን! ልጅ ሳለሽ አንችንም ይዞሽ ነበር መሰለኝ" አለችና ሳቀች። ሳቢራ የተሸከመችውን እንጨት ከትከሻ ወደ ትከሻ አዛውራ አለፈች። ጀርባዋ ላይ የሴትየዋ ዓይን እንደ እሾህ ተሰማት።

በዘጠነኛው ቀን ሳቢራ ስትነሣ ድምፅ የላትም። ጉሮሮዋ ተዘግቷል፤ "ቢስሚላህ" ለማለት ብትሞክር ፉጨት ብቻ ወጣ። ቀኑ ደግሞ ገበያ ነው፤ ሁለት ፍየል ቆቦ ወስዳ ሸጣ፣ በዱዓቸው የታወቁ አንድ ሸህ ዘንድ ልጇን ልትወስድ አስባለች። በሹክሹክታ ዚነትን ለመነቻት።

"ዛሬ ራስሽ መልሽ። አንዴ ብቻ። ምንም በይ፣ ግን መልሽ። አደራ።"

ዚነት አንገቷን ነቀነቀች። እሺ ይሁን እምቢ ሳይለይ ወደ ማማዋ ሄደች፤ ሳቢራ ፍየሎቿን ስባ ወደ አስፋልቱ።

ቆቦ ገበያው ገና እየሞቀ ነው። ሳቢራ ፍየሎቿን ይዛ ቆመች፤ ግን መቆም አልቻለችም፤ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ትስባቸዋለች። ገዢ መጣ። ዋጋውን በጣቷ አሳየችው።

"ምንድን ነው ይሄ? ምላስሽን ቀድመሽ ሸጠሽ ነው ፍየል ልትሸጭ የመጣሽው?"

በዙሪያው ያሉት ሳቁ። ሳቢራ ደግሞ በጣቷ አሳየች፤ ዓይኗ ግን ሰውዬው ላይ አልነበረም። ፀሐይዋን ታያለች፤ ይኼኔ ጥሪው ረዲን አልፏል፤ የኛም ተራ ደርሶ ነበር፤ መልሳ ይሆን? ሰውዬው የአንደኛዋን ፍየል ጥርስ ለማየት አፏን ሲከፍት የትናየት ዘንቢሏን አንጠልጥላ ከሰዉ መሐል ብቅ አለች።

"እንዴ ሳቢራ፣ አንች እዚህ ነሽ? ዛሬ እናንተ መስመር ምን ሆነ? ስመጣ እኮ ማማዎቹ ሁሉ ባዶ ናቸው። የሞላም ባዶ፣ የነቅድስትም ባዶ። ግሪሳው እንደ ጉድ ወርዶበታል።"

ሳቢራ የባዶ ማማ ትርጉም ይጠፋታል? ሦስት ጊዜ ተጠርቷል፤ ማንም አልመለሰም። ሁሉም ወርደው ወደ ልጇ ሄደዋል። ምን አግኝተው ይሆን? ከርብራቡ እስከ መሬት ያለው ርቀት በዓይኗ መጣባት። የጥፍሯ ደም መጣባት። የፍየሎቹን ገመድ የትናየት እጅ ውስጥ አስገባችና ሮጠች።

"ሳቢራ! ኸረ ምን ሆነሻል? ፍየሎቹንስ ምን ላድርጋቸው?"

ሚኒባሱ ሰው እየጠበቀ ነው። በሩን በመዳፏ ደበደበች። "ማዘር፣ አራት ሰው ይቀረናል፣ ትንሽ ታገሡ" አላት ረዳቱ። መታገሥ! ባጃጅ አስቆመች፤ በእጇ ወደ ሮቢት አሳየች። ሹፌሩ ወጣት ነው፤ ወሬ ይወዳል። ስለ ነዳጅ አወራ፣ ስለ መንገዱ አወራ፣ "እናቴ የተጣላ አለ እንዴ?" አለ። ሳቢራ ወደ ፊት ተንጠልጥላ የፊተኛውን ወንበር ትገፋለች፣ እየገፋች የምታስሮጠው ይመስል። ባጃጁ ከአስፋልት ወርዶ አሸዋው ሲይዘው ዘላ ወርዳ በእግሯ ነካችው። አንድ እግር ጫማዋ አሸዋው ውስጥ ቀረ፤ አልተመለሰችለትም።

ማሳው ዳር ስትደርስ በመጀመሪያ ያየችው ግሪሳውን ነው። ማሽላው በወፍ ጠቁሯል። ማማው ላይ ሰው የለም። ከማሳው መግቢያ ላይ የዚነት ጫማ ለብቻው አለ። "ያ ረቢ" ልትል አፏን ከፈተች፤ ድምፅ የለም። በማሽላው መሐል እየጣሰች ገባች፤ ቅጠሉ ፊቷን ይገርፋታል።

ከዚያ ድምፅ ሰማች። የቅድስት ነው። ቆመች። በአገዳዎቹ መሐል፣ ከማማው ጥላ ሥር፣ ልጆቹ መሬት ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ሞላ ጥንቅሽ ይልጣል። ረዲ ወንጭፉን ጉልበቱ ላይ አኑሯል። ዚነት በባዶ እግሯ መሐላቸው ናት። ሕይወት አላት። ሳቢራ አገዳ ይዛ ባለችበት ቀረች።

"ያለፈው ሳምንት ሁሉ የምትመልሽው አንች እንዳልነበርሽ አውቄያለሁ" ስትል ነበር ቅድስት። "ዛሬ መልሱ ሲጠፋ ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። አሁን እንሄዳለን አልኩ።"

"አቡጀዲ ላይ ነው የነቃሁት እኔ" አለ ሚኪያስ።

"አንተ ዝም በል። ዚነት፣ እንድታወሪ አንልሽም። እኛው እንላለን። ከፈለግሽ ትጨምሪበታለሽ።" ቅድስት ትንሽ አሰበችና፣ እንደ ማማው በጩኸት ሳይሆን እንደ ወሬ አድርጋ አለችው፦

ሰው ፊት እስቃለሁ ጥርሴን አሳይቼ፣
ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ በሬን ዘግቼ።

ማንም አልሳቀም። ሚኪያስ እንኳ። ሞላ የላጠውን ጥንቅሽ ለቅድስት ሰጣት። ረዲ ጉሮሮውን ጠረገ፦

መንገዱ ጠራኝ ወይ እኔው ነኝ የጠራሁት፣
ቦርሳዬን አስሬ መልሼ ፈታሁት።

"መቼ?" አለ ሞላ ደንግጦ። "መቼ ልትሄድ ነበር?"

"ነሐሴ ላይ። ደላላው አፋር ድረስ መኪና አለ ብሎኝ ነበር። ተወው።"

ያኔ ዚነት ቀና አለች። ረዲን ረጅም ጊዜ አየችው። እጇ ጥፍሯን መላጥ ጀመረ፤ ቅድስት ያዘቻት። ሳቢራ ከአገዳው መሐል የልጇን ድምፅ ከወራት በኋላ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲናገር ሰማች።

"ወንድሜ ደወለ በሰኔ አሥራ ሁለት" አለች ዚነት። ቆመች። ሁሉም ሁለተኛውን ስንኝ ጠበቁ። "ጀልባ ልገባ ነው፣ ለእማ እንዳትነግሪ፣ ስሻገር እደውላለሁ አለኝ።"

ቤት አልመታም። ሚኪያስ፣ የሰውን ግጥም ሁሉ የሚያርመው ሚኪያስ፣ መሬት መሬቱን ያያል።

"አልደወለም" አለች። "በየቀኑ ስልኩን አያለሁ። ብነግራት ትሞትብኛለች፣ ባልነግራት... ያኔውኑ ብነግራት ደውላ ታስቀረው ነበር። ትለምነው ነበር። እኔ ነኝ ያሻገርኩት። ነጋ ስትሉኝ ባይነጋ እላለሁ።"

ቅድስት አቀፈቻት። ዚነት አለቀሰች፤ ድምፅ አውጥታ፣ አፍንጫዋን በሻሿ እየጠረገች፣ እንደ ሕፃን።

ሳቢራ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ተራመደች። በሰኔ! ጥቅምት ሊያልቅ ነው! ልጄ ባሕር ላይ ነው፣ አንች ደግሞ... ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ያው ፉጨት ነው። አላህ ሲያዝንላት ድምፅዋን ቀድሞ ወስዶባታል። አባቷ ትዝ አሏት፤ ፊታቸውን አጥቁረው፣ ሳይናገሩ የበሉት ሦስት ቀን። እሷ ያኔ በሆዷ ስትስቅባቸው ነበር። ያ እህል እንዴት እንደወረደላቸው አሁን ገባት። የተራመደችውን እርምጃ ወደ ኋላ መለሰችና፣ እንደመጣችው ጎንበስ ብላ ከማሽላው ወጣች።

ከዚያ ወዲያ የነበሩት ቀናት ለሳቢራ የእሳት ነበሩ። ታውቃለች፤ ማወቋን ግን ልታሳይ አትችልም፤ የማማው ደንብ ይይዛታል። የኡበይድን ቁጥር ከቤቱ ጀርባ ሆና ትደውላለች፤ "የደወሉላቸው ደንበኛ" ትላለች ያቺ የቴሌዋ ልጅ። ፍየሎቹን ታወጣለች፣ ሳይግጡ ታስገባለች። ድምፅዋ ተመልሷል፤ ግን ለመናገር ትፈራለች፤ አፏን ከከፈተች የሚወጣውን አታውቀውም። ማማ ላይም አልወጣችም። ጎህ ሲቀድ በር ላይ ቆማ ታዳምጣለች። ጥሪው ከደጋው በኩል ይመጣል፣ ሞላ ይላል፣ ረዲ ይላል፣ ሚኪያስ ይሳደባል። ከዚያ የዚነት ተራ ይደርሳል። በመጀመሪያው ቀን ዚነት "አለሁ" አለች። ያለ ግጥም፣ ያለ ዜማ፣ "አለሁ" ብቻ። ልጆቹም ለመልስ ቆጠሩላትና አለፉ። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ሦስተኛው እስኪጠራ ዝም አለች። ሳቢራ ነጠላዋን እየጎተተች እስከ ግቢው አጥር ሮጣ ነበር "አለሁ" የሚለው የደረሳት።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት፣ ትምህርት በሌለበት፣ ሁለቱ የወደቀ አገዳ ሲለቅሙ ዚነት ቀጥ ብላ ቆመች።

"እማ። አንድ ነገር ልንገርሽ ነው። እንዳትሮጪ።"

"አልሮጥም።"

"ቁጭ በይ።"

ሳቢራ ቁጭ አለች። ዚነት ነገረቻት፤ በሰኔ፣ ጀልባው፣ አትንገሪ ያለው። ስትጨርስ እንደሚመታ ሰው ትከሻዋን ሰብስባ ጠበቀች። ሳቢራ አምስት ቀን ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ ሁሉም ጠፋባት።

"ይሄን ሁሉ ወር ብቻሽን?" አለች።

"ትቆጪኛለሽ ብዬ..."

"እቆጣ ነበር። ውሸት ምን ያደርጋል፣ እቆጣ ነበር።" እጇን ዘርግታ የልጇን ጣቶች ያዘች፤ የተላጡትን ጥፍሮች አንድ በአንድ ዳሰሰች። "እኔም ስምንት ጠዋት አፍሽን ዘጋሁብሽ። አውፍ በይኝ ልጄ።"

ለኡበይድ አለቀሱ፤ ግን እንደ ሞተ ሰው አይደለም፣ እንደ ሕያውም አይደለም፤ እንዲህ ያለው ለቅሶ ስም የለውም። ከዚያ ዚነት፣ ቅድስት የነገረቻትን ነገር አወጣች። ቆቦ ጤና ጣቢያ ውስጥ ከልጆች ጋር ቁጭ ብላ የምታወራ አንዲት ነርስ ማክሰኞ ማክሰኞ ትገባለች፤ ቅድስት ራሷ ሁለት ጊዜ ሄዳለች፤ ለማንም አልተናገረችም። "አብራኝ ትሄዳለች። አንችም ከፈለግሽ ነይ። ግን እዚያ ገብተሽ አንች እንዳትመልሽልኝ።"

ሳቢራ ሄደች። በር ላይ ቀረች። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ ተቀመጠች። በተዘጋው በር ውስጥ ምን እንደሚባል አልሰማችም። ሲወጡ ዚነት የሳቀች ልጅ አትመስልም፤ የደከማት ልጅ ነው የምትመስለው። መንገድ ላይ ግን ራበኝ አለች።

በሳምንቱ ሳቢራ ቦኖ ላይ ውሃ ስትቀዳ የትናየት ጀሪካኗን ይዛ መጣች።

"ፍየሎችሽን አስሬ ቤትሽ ድረስ አመጣሁልሽ፤ ምን እንደሆንሽ እንኳ ሳትነግሪኝ ቀረሽ። ማክሰኞ ደግሞ ቆቦ ጤና ጣቢያ በር ላይ አዩሽ አሉ። ዚነት ምን ሆና ነው?"

ሌሎች ሁለት ሴቶች ቧንቧው ላይ አሉ። አንደኛዋ ውሃውን ዘጋች፣ መልሱን ለመስማት። ሳቢራ እግሯ መሄድ ፈለገ። ጀሪካኗ ገና ግማሽ ነው።

"ታማብኛለች" አለች። "ሕመሙ የሐሳብ ነው። ወንድሟ ባሕር ገብቶ ጠፍቶብናል፤ እሱን ብቻዋን ተሸክማ ነበር። አሁን የምታዋያት ሰው አግኝታለች። ገና አልዳነችም።"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። የትናየት ጀሪካኗን ሳትሞላ አነሣች፣ ጀርባዋን ሰጥታ ሄደች። ምን አደረግሁ፣ አለች ሳቢራ፤ አገሩ ሁሉ ሊያወራ ነው፤ የልጄን ስም በገዛ አፌ ጣልኩት።

የትናየት አሥር እርምጃ ያህል ሄዳ ቆመች። ባዶውን ጀሪካን መሬት ላይ አኖረች። ተመልሳ መጣች፤ ሴቶቹ እንዳይሰሟት ወደ ሳቢራ ጆሮ ጠጋ አለች።

"ያቺ ነርስ" አለች፣ "ወንድ ልጅም ታያለች?"